በእኔ ስም «አለሁ» ያለው ተከራይ

ነገሩ ከሆነ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። ዛሬም ቁጭ ባልኩበት ትዝ የሚለኝ እናቴ በዚያን ጊዜ ስላረፈች ብቻ አይደለም። በዚያው ሳምንት አንድ ደግ ሰው ከሥራው ላባርር ቀጠሮ ይዤ ስለነበር ነው። ሁለቱ ነገሮች እንዴት እንደተገጣጠሙ ለመናገር ከቤቴ ልጀምር።

ወላይታ ሶዶ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወደ ላይ ሲወጡ፣ ባለ ሦስት ክፍል ቤት አለችኝ። በመምህርነት ደመወዝ በየዓመቱ አንድ ግድግዳ እየጨመርኩ የሠራኋት ናት። የሠራኋትም ለእናቴ ነበር። እናቴ ገጠር፣ ቦምቤ፣ ብቻዋን ትኖር ነበር፤ ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም፤ ስታረጅ አጠገቤ ላድርጋት ብዬ ነው። ቤቱ አልቆ ልወስዳት ስሄድ ግን ጓሮዋን ዞር ብላ አየችና፣ «ከተማ ቦይና ይበቅላል?» አለችኝ። ቦይና ሌላው አገር ጎደሬ የሚለው ነው። እኔ ግቢ እንደማይበቅል ነገርኳት። «እንግዲያው እኔም አልበቅልም» ብላ እዚያው ቀረች።

ከዚያ በኋላ ለዶክትሬት ትምህርት ደቡብ ኮሪያ የመሄድ ዕድል አገኘሁ። አራት ዓመት ነው። ዕድሜዬ አርባን አልፏል፤ እንዲህ ያለ ዕድል ደግሞ እንደማይመጣ አውቃለሁ። ነገር ግን ሁለት ሐሳብ እንቅልፍ ነሣኝ። አንደኛው ቤቱን ለማን ልተው የሚል ነው። ዋናውን ግን ለማንም አልተናገርኩትም። እናቴ እኔ በሌለሁበት ብትሞት በልጅ ቦታ ማን ይቆምላታል? ወንድም የለኝ፣ እህት የለኝ። ፈራ ተባ እያልኩ እሷኑ ስጠይቃት፣ «ሂጂ፤ አንቺን ሳላይ አልሞትም» አለችኝ። እናት እንዲህ የምትለው ልጇ እንዲሄድላት ስትፈልግ ነው።

ስለ ቤቱ መጀመሪያ ደላሎችን አናገርኩ። ደላላ ተከራይ ያመጣል፣ የድርሻውን ይቀበላል፤ ከዚያ ወዲያ ጣሪያው ቢወርድ ስልክ አያነሳም። እኔ የምፈልገው በውክልና የሚያከራይልኝ፣ የሚከታተል፣ የተበላሸውን የሚያሠራ ሰው ነበር። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጋሽ ዳናን ጠቆመችኝ።

ጋሽ ዳና በአንድ ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ያን ጊዜ ውጭ አገር ያሉ ሰዎች የተዉትን ስድስት ቤት ያስተዳድሩ ነበር። የቤቶቹ ቁልፍ ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ በምስማር ተሰቅሏል። ቁጥርም ስምም የለውም። በእያንዳንዱ ቁልፍ ላይ ከዚያው ቤት መጋረጃ የተቆረጠች ጨርቅ ታስራለች፤ እሳቸው ቤቱን የሚያውቁት በመጋረጃው ነው። የእኔንም መጋረጃ ጥግ በመቀስ ቆርጠው ኪሳቸው ሲከቱ፣ ገና አዲስ ነበርና ቆጨኝ።

ከጋሽ ዳና ጋር የምንነጋገረው በወላይትኛ ነው፤ እዚህ ላይ ያለው አማርኛ የእኔ ነው። የውክልናውን ወረቀት ልንፈርም ስንል እንዲህ ብለው ጠየቁኝ፦

«እድር አለሽ?»

«አለኝ። የሰፈሩ እድር ውስጥ ነኝ።»

«ስትሄጂ ማን ይቆምልሻል?»

መዋጮውን ከዚያው እልካለሁ አልኳቸው። ከት ብለው ሳቁ። «መዋጮ ሬሳ ይሸከማል?»

የእድራችን ደንብ እንዲህ ነው። ለቅሶ ሲኖር ጸሐፊው መዝገቡን ይዞ የአባላቱን ስም ይጠራል። የመጣ ሰው «አለሁ» ይላል። ደጋግሞ የቀረ ይሰረዛል። ጋሽ ዳና ታዲያ ቤት የሚያከራዩት በባለቤቱ ስም ለቅሶ ለሚደርስ ሰው ብቻ ነው። ተከራይ ሲመጣላቸው የት እንደሚሠራ ከመጠየቃቸው በፊት፣ የሚኖርበት ሰፈር ድረስ በእግራቸው ሄደው ጎረቤቶቹን፣ «ይሄ ሰው ለቅሶ ይደርሳል?» ይላሉ። ሌላ ምርመራ የላቸውም።

«ጋሽ ዳና፣ እኔ የምፈልገው ተከራይ ነው እንጂ አልቃሽ አይደለም» አልኳቸው።

«ለቅሶ የማይደርስ ሰው ቧንቧም አይዘጋም» አሉኝ።

ክርክሩን ትቼ ፈረምኩ። የአውሮፕላን ቀኔ ደርሶ ነበር።

በሄድኩ በወሩ ተከራይ ተገኘ። ይበልጣል ይባላል። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ባለትዳር ነው። ከዚህ በላይ ስለ እሱ የማውቀው አልነበረም። መልኩን አላየሁም፣ በስልክም አናግሬው አላውቅም። ሁሉም ነገር በጋሽ ዳና በኩል ነው። ጋሽ ዳና ደግሞ ባሕር ማዶ ደውለው አያውቁም። አንዴ ሚስኮል ያደርጉና ይዘጋሉ፤ ያን ጊዜ እኔ እደውላለሁ።

ይበልጣልን ወስደው እድሩ ላይ በእኔ ስም አቆሙት። ጸሐፊው «ታደለች!» ብሎ ሲጠራ ከኋላ አንድ ጎጃሜ በወፍራም ድምፁ «አለሁ!» ይላል። የመጀመሪያ ቀን ለቀስተኛው ሁሉ ሳቁን በጋቢው አፍኖ ነበር አሉ። በሦስተኛው ለቅሶ ግን ለመዱት፤ ዞር ብሎ የሚያይም ጠፋ። ጋሽ ዳና ይህን ሲነግሩኝ እየሳቁ ነው። እኔ አልሳቅሁም። ያን ሁሉ ዓመት አስተምሬ ስሜ የለቅሶ ቤት መሳቂያ ሆነ ብዬ ተናደድኩ። ቁጣ ይቀድመኛል፤ እናቴም «አንቺን ያማጥኩት ምድጃ ዳር ነው» ትለኝ ነበር።

ስሄድ ስምንት የፕላስቲክ ወንበርና አንድ ትልቅ ድስት ዕቃ ቤት ቆልፌ ነበር። እንዳይጠፉብኝ በየወንበሩ ጀርባ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም «ታ» ብዬ ጽፌባቸዋለሁ። በሁለተኛው ዓመት፣ ጋሽ ዳና ያስጠገኑትን ጣሪያ በቪዲዮ ሲያሳዩኝ፣ ዕቃ ቤቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ውስጡ ባዶ ነው።

«ወንበሮቼስ?»

«ለቅሶ ሄደዋል፤ ይመለሳሉ።»

«እንዴት ብቻቸውን ይሄዳሉ? ማን ፈቀደ?»

«ብቻቸውን አይደሉም፤ ድስትሽም አብሯቸው ሄዷል።»

ስልኩን ዘጋሁባቸው። ወንበሮቹ በሦስተኛው ቀን ታጥበው ተመለሱ። በቀጣዩ ወር ግን እንደገና ሄዱ።

ነገሩን ያባሰው በሦስተኛው ዓመት የመጣው ድርጅት ነው። መንገድ ለመሥራት የመጡ ሰዎች ቤቴን ለሠራተኞቻቸው ማረፊያ ፈልገው፣ እጥፍ ኪራይ እንክፈል፣ የዓመቱንም በቅድሚያ እንስጥ ብለው ነበር። ይህን የነገረችኝ ያቺ ባልደረባዬ ናት። ጋሽ ዳና ትንፍሽ አላሉም። ስጠይቃቸው፣ «አዎ፣ መጥተው ነበር፤ መለስኳቸው» አሉኝ፤ የቆሎ ሻጭ የመለሱ ያህል ቀለል አድርገው።

«ለምን?»

«በየሁለት ወሩ የሚቀያየሩ ሰዎች ናቸው። ስምሽ ሲጠራ ማንኛቸው አለሁ ይላል?»

በዚያ ቀን ለአባት የማይባል ቃል ተናገርኳቸው። ቤቱ የእኔ ነው፣ እርስዎ ወኪል ነዎት እንጂ የእድር ዳኛ አይደሉም፣ ሰው እያለቀሰ እንዲኖርበት አልሠራሁትም፣ አልኩ። እስክጨርስ ሰሙኝና፣ «እሺ ልጄ» ብቻ አሉ። «እሺ ልጄ» ማለታቸው የባሰ አበሳጨኝ። ኮሪያ አብራኝ የምትማር አንዲት ኢትዮጵያዊት ጓደኛዬ ታሪኩን ስነግራት፣ «እኚህ ሰውዬ የሚያስተዳድሩት ቤትሽን ነው ሰፈሩን?» ብላ እስኪያማት ሳቀችብኝ። በማግስቱ ውክልናውን ለመሻር ኤምባሲ ቀጠሮ ያዝኩ። ቀጠሮው ለሰኞ ነበር።

ከዚያ ሰኞ በፊት ባለው ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ቤተ ሙከራ ሆኜ ስልኬ ጠራ። ጋሽ ዳና ናቸው። እንደ ልማዳቸው አንዴ ጠርቶ ይቆማል ብዬ ጠበቅሁ። አልቆመም። ጠራ፤ አሁንም ጠራ። ሳላነሳው ገባኝ። አነሳሁት።

«አጠገብሽ ሰው አለ?» አሉኝ።

«አለ።»

«የአገራችን ሰው ነው?»

«አይደለም። ኮሪያዊት ናት።»

«ታለቅሳለች?»

ይህ ጥያቄ ዛሬ ዛሬ ያስቀኛል። ያን ጊዜ ግን «ጋሽ ዳና፣ ይንገሩኝ!» ብዬ ጮህኩ። መጀመሪያ ተቀመጪ አሉኝ፤ ተቀመጥኩ። ስሄድ የእሳቸውን ስልክ ቁጥር ለእናቴ ጎረቤቶች ትቼላቸው ነበርና፣ የቦምቤ ሰዎች የደወሉት ለእሳቸው ነው። እናቴ ጠዋት ከጓሮዋ ተመልሳ ደጃፏ ላይ ተቀመጠች፤ እንደተቀመጠች አረፈች። ሕመምም ጣርም አላየችም። «ቀብሩ ነገ ነው። አሁን ብትነሺም አትደርሺም። እኛ እንሄዳለን» አሉኝ።

«እናንተ እነማን?»

«ሰፈርሽ ነዋ» አሉ፤ ጥያቄዬ ግራ ገባቸው።

ያቺ አጠገቤ የነበረች ኮሪያዊት ለካ ታለቅሳለች። ቃል ሳይገባት እጄን ይዛ አብራኝ አለቀሰች።

ዓርብን እንዴት እንዳሳለፍኩት አላውቅም። ወሩ ሐምሌ ነው፤ የቦምቤን መንገድ በሐምሌ አውቀዋለሁ። በሐሳቤ የሚታየኝ ዝናብ፣ ጭቃ፣ ጥቂት ሽማግሌዎችና የእናቴ ሣጥን ነው። ከሣጥኑ ኋላ የልጅ ቦታ ባዶ ነው። ሰፈርሽ ይሄዳል ያሉኝን ለማጽናናት ነው ብዬ ወሰድኩት። ሦስት ዓመት ያላየኝ ሰፈር፣ እናቴን ከነጭራሹ አይቷት የማያውቅ ሰፈር፣ በዚያ ጭቃ ቦምቤ ድረስ ምን ሊሠራ ይሄዳል?

ቅዳሜ ጠዋት ከማላውቀው ቁጥር በቴሌግራም ፎቶዎች መጡልኝ። የመጀመሪያውን ስከፍት የእናቴ ግቢ በሰው ሞልቷል። የሰፈሬ ሰዎች ናቸው። ወፍጮ ቤት ያለው ጎረቤቴ አለ፣ እንጀራ የምትሸጥልኝ ሴትዮ አለች፣ የእድሩ ጸሐፊ መዝገቡን በፌስታል ጠቅልሎ በብብቱ ይዟል። በሁለተኛው ፎቶ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ከፊት ናቸው፤ ከኋላቸው ሣጥኑ አለ። ከሣጥኑ የፊት ማዕዘን አንዱን አንድ ረጅም ሰው ተሸክሟል። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ፊቱን አላውቀውም። ጋሽ ዳና ዘንድ ደወልኩ።

«ከፊት የተሸከመው ረጅሙ ሰውዬ ማነው? የእናቴ ዘመድ ነው?»

«ተከራይሽ ነዋ!» አሉኝ። «ይሄን ሁሉ ጊዜ ቤትሽ ተቀምጦ መልኩን አታውቂውም?»

እድሩ አውቶቡስ ተከራይቶ፣ ድንኳኑንና ወንበሩን ጣሪያው ላይ ጭኖ ነው የሄደው። ከአረካ ከተማ ወዲያ አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ ገባ። ወንዶቹ በለቅሶ ልብሳቸው ወርደው ገፉት። የይበልጣልን አንድ እግር ጫማ ጭቃው በልቶት ቀረ፤ ቀብሩን የዋለው ከእናቴ ጎረቤት በተዋሰው ቦቲ ነው።

ቦምቤ ሲደርሱ ይበልጣል የት እንደሚቀመጥ ጨነቀው። ይህን የነገረኝ በኋላ ራሱ ነው። የሚዘመረውን አያውቀውም፤ እናቴ ፕሮቴስታንት፣ እሱ ኦርቶዶክስ ነው፤ መቼ እንደሚነሣና መቼ እንደሚቀመጥ እንኳ ከጎኑ ያሉትን እያየ ነው። ወላይትኛም አይችልም። ጋሽ ዳና ክንዱን ይዘው ለልጅ ወደተተወው ቦታ ወሰዱትና በዚያ ወንድና ሴት በሚቀላቅለው አማርኛቸው፣ «አንተ እድር ላይ ታደለች ነሽ። ዛሬም ታደለች ነሽ። እዚህ ቁጭ በይ» አሉት።

ቁጭ አለ። ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ወስዶ ሦስት ቀን ቁጭ አለ። የቦምቤ ሽማግሌዎች በማይገባው ቋንቋ ሲያጽናኑት እጃቸውን ይዞ አንገቱን ደፋ። የእናቴ ላም ከሐዘኑ ቀን ጀምሮ መኖ አልበላ ብላ ነበርና፣ በመሐል እየተነሣ እሷንም ያያት ነበር አሉ።

ሦስተኛውን ፎቶ መጨረሻ ላይ ነው የከፈትኩት። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። አንድ ባዶ ወንበር ጀርባውን ለካሜራው ሰጥቷል። ፎቶውን ሳጎላው በቀይ የጥፍር ቀለም የተጻፈ «ታ» ታየኝ። ከጎኑ ያሉት ወንበሮች የሌላ ሰው ምልክት አላቸው፤ አንዱ ሰማያዊ መስቀል፣ አንዱ በሽቦ የታሰረ ቁልፍ። የሰፈሬ ወንበር ሁሉ ተነቅሎ እናቴ ደጅ ደርሷል። ወንበሮቼ በየሰው ለቅሶ የእኔን ሂሳብ ሲያወራርዱ ኖረዋል፤ እኔ ነኝ ያላወቅሁት። እስከዚያ ሰዓት የቻልኩትን ያህል ቻልኩት፤ ያን «ታ» ሳይ ግን ወለሉ ላይ ተቀምጬ እሪ ብዬ አለቀስኩ።

ሰኞ ኤምባሲ አልሄድኩም። በምትኩ ለጋሽ ዳና ደውዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ውክልናዎን ልሽር ለዛሬ ቀጠሮ ነበረኝ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ አልኳቸው።

«ብትሽሪኝስ ኖሮ» አሉ፣ «ለቅሶውን እቀር ነበር ብለሽ ነው?»



ትምህርቴን ጨርሼ ስመለስ ይበልጣልና ሚስቱ ሁለት ቅያስ ወረድ ብሎ ሌላ ቤት ተከራይተው ነበር። ቤቴን ሲለቁ ግድግዳውን ቀለም ቀብተውልኛል። የጓሮውን ቧንቧ ዘወር አድርጌ ዘጋሁት። አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም። ሻንጣዬን አስቀምጬ በማግስቱ ቦምቤ ሄድኩና እናቴ መቃብር ላይ አልቅሼ መጣሁ። ላሚቱን ጎረቤቶቿ ይዘዋታል፤ ወልዳለች።

በተመለስኩ በአሥረኛው ቀን ሰፈራችን ውስጥ ለቅሶ ሆነ። ወንበሮቼን ባጃጅ ላይ አስጭኜ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ከፊት ተቀመጥኩ። ጸሐፊው መዝገቡን ገለጠና መጥራት ጀመረ። ስሜ ደረሰ።

«ታደለች!»

«አለሁ!» አልኩ።

እኔ ስል፣ እኩል ከኋላ በኩል አንድ ወፍራም ድምፅ «አለሁ!» አለ።

ሰው ሁሉ ዞረ። ይበልጣል ነው። ለራሱ በስሙ ተመዝግቧል፣ ግን አፉ ለምዶበታል። ደነገጠና እጁን አፉ ላይ ጫነ። ጋሽ ዳና ሳቃቸውን ለመዋጥ አቀርቅረው ያስላሉ። ጸሐፊው እስክሪብቶውን እንደያዘ እኔን አየ፣ እሱን አየ። ከዚያ፣ «ሁለታችሁም አላችሁ» ብሎ ምልክቱን አደረገና የሚቀጥለውን ስም ጠራ።

ከዚያ ቀን ወዲህ በይበልጣል አፍ ስሜ ቢመለስ አልናደድም። እንዲያውም ዝም ሲል ቅር ይለኛል። ከቤቴ ቁልፎች አንዱ ዛሬም ጋሽ ዳና ግድግዳ ላይ፣ ከመጋረጃዬ ቁራጭ ጋር ተሰቅሏል። እኔው ራሴ እየኖርኩበት ምን ያደርግልዎታል ብዬ አልጠየቅኳቸውም። ወንድም እህት እንደሌለኝ፣ የወለድኩትም የለኝ። አንድ ቀን ጸሐፊው ስሜን ጠርቶ እኔ የማልመልስበት ቀን ይመጣል። ድሮ ይህን ሳስብ እፈራ ነበር፤ አሁን አልፈራም።